ብርሌ ከነቃ

ና ተቀመጥ። ቡናው ገና ሁለተኛው ላይ ነው፤ አንተ ግን ፊትህን እንደ ለቅሶ ቤት አጨልመህ መጣህ። ሰው አልሞተም፣ መኪናዋ አልተገለበጠችም፣ ትናንት ከደሴ የጫንካቸው ሁሉ በሰላም ወርደው ቤታቸው ገብተዋል። የተመታው መስታወት ነው። አብሽር፣ ዕዳው ገብስ ነው።

ቅድም በር ላይ ስታቆማት ዞሬ አይቻታለሁ። በተሳፋሪው በኩል፣ ከቦሎው ዝቅ ብሎ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ሽርፈት አለች። ከእሷም እንደ ሸረሪት እግር የቀጠነች መስመር ወደ ታች ጀምራለች። በአውራ ጣቴ ጥፍር ዳሰስኳት፤ ከውጭ በኩል ጥፍሬን ያዘችው፣ ከውስጥ በኩል ግን ልሙጥ ናት። ይህ መልካም ምልክት ነው።

የድሮ ሰው «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ብሎ ፈርዷል። ለጠጅ ቤት ልክ ነው፤ የነቃ ብርሌ ጠጁን ያፈሳል፣ ከንፈርም ይቆርጣል። የመኪና የፊት መስታወት ግን ከዚህ ፍርድ ያመልጣል፤ የሚገርመው ደግሞ ያመለጠው በብርሌ ምክንያት መሆኑ ነው። ቤኔዲክቱስ የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው ነበር። በፈረንጆቹ 1903 አንድ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ወደቀበትና ተሰነጣጠቀ፤ ግን አልተበተነም። አንሥቶ ቢያየው ውስጡ የነበረው ፈሳሽ ደርቆ፣ እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ስንጥቁን ሁሉ ይዞታል። ከዚያ ተነሥቶ ሁለት መስታወት በመሀል በስስ ሽፋን ማጣበቅን አመጣ፤ በ1909 በስሙ አስመዘገበው። መኪናህ ላይ ያለው የዚያ ጠርሙስ የልጅ ልጅ ነው። ድንጋዩ የውጭውን መስታወት ቢያቆስልም የውስጡን አልደረሰበትም፤ ጥፍሬ የነገረኝ ይህንን ነው። የጎንና የኋላ መስታወቶችህ እንዲህ አይደሉም። እነሱ በእሳት የጠነከሩ ነጠላ መስታወቶች ስለሆኑ ሲሰበሩ እንደ በረዶ ፍሬ ዝርግፍ ይላሉ፤ ለእነሱ የድሮው ሰው ፍርድ እንዳለ ይጸናል።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ማታ ሽርፈቷን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ግልጽ ፕላስተር ለጥፍባት። አቧራና ውሃ ከገባባት በኋላ ሙጫ አትቀበልም። ከአንድ ብር ሳንቲም ያነሰች፣ ከሹፌሩ ዐይን ፊት ያልሆነች፣ ከጠርዝ የራቀች ሽርፈት ባለሙያ ካገኘች በልዩ ሙጫ ትደፈናለች፤ አዲስ መስታወት አያስፈልግም። ያንተዋ ግን መስመር ጀምራለች፤ መስመሯ ጠርዝ ከነካች አለቀ። ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል የሚባለው ለአገር ብቻ አይደለም። መኪናው በየጉድጓዱ ሲጣመም ጫናው የሚያርፈው በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ነው።

የኛ መንገድ ደግሞ ለነቃ መስታወት አይራራም። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ወደ ደሴ ስትወጣ አቀስታን አልፈህ ጉጉፍቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትሆናለህ፤ ወደ ጎጃም ስትወርድ ዓባይ በረሃ ውስጥ ነህ። አንዱን መስታወት በአንድ ቀን ውርጭም ሐሩርም ታስቀምሰዋለህ። መስታወት በብርድ ይሰበሰባል፣ በሙቀት ይዘረጋል። ደህናው ይችለዋል፤ የነቃው ግን በነቃበት በኩል ይሄዳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ይችም መስመር በቀን ጣት የማትሞላ እየሄደች ታሳስቅሃለች።

ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የጭነት ኤንትሬ መንዳት ትቼ የራሴን አይሱዙ በገዛሁ በሦስተኛው ዓመት፣ እንደ አሁኑ ኅዳር ነበር። ከፊቴ ጠጠር የጫነ ገልባጭ ይሄዳል። ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሀል ተሰንቅራ የነበረች ድንጋይ ስትወጣ ድምፅዋን ሰማሁ፤ እንደ ጥይት ናት። ሽርፈቷ ከያንተዋ ታንስ ነበር። ረዳቴ «ጋሼ፣ መድን ቤት ጎራ እንበል እንዴ?» ቢለኝ «ለዚህች!» ብዬ ሳቅሁበት። ስድስት ቀን እንደዚያው ነዳሁ። በሰባተኛው ጉጉፍቱ አድረን ጠዋት ስንነሣ መስታወቱ ነጭ ሆኗል፤ ውርጩ እንደ በሶ ተነስንሶበታል። ረዳቴ ከሻይ ቤቱ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይዞ መጣ። «አፍስበት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጁን አላማርርም። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጧ አላለም። እንደ ደረቅ ቂጣ ክርርር እያለ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። ረዳቴ ማንቆርቆሪያውን እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀረ፤ እንፋሎቱ ገና ይወጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ይብሳል። ደሴ ገባሁና በራሴ ገንዘብ ያገኘሁትን መስታወት አስገጠምኩ፤ ስብርባሪውን ጋራዡ ጣለው። መድኔ ዘንድ የሄድኩት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ፎርሙ ላይ «መኪናው ቆሞ ሳለ በራሱ ተሰነጠቀ» ብዬ ጻፍኩ፤ የፈላውን ውሃ ማን ይናገራል ብዬ። የተቀበለኝ ሰው ትሑት ነበር። «አባቴ፣ በራሱ ከተሰነጠቀ ምን አደጋ ደረሰ ብለን እንክፈል?» አለኝ። ያኔ ድንጋዩን አወጣሁ። «መቼ ነው የመታዎት?» አለ። ነገርኩት። «መስታወቱስ የት አለ?» አለ። ጣልነው አልኩት። ወረቀቴን አጥፎ መለሰልኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ለዓመታት ያንን ድርጅት በየሻይ ቤቱ ስረግመው ኖርኩ፤ አሁን ሳስበው ከአራቱ ጥፋት ሦስቱ የኔ ነበሩ። አራተኛው የእነሱ ነው፤ ፖሊሲውን ሲሸጡልኝ ስለ ቀን ገደብ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እናንተ ልጆች መድንን እንደ ዕቁብ ነው የምታዩት፤ የከፈልኩትን ተራዬ ደርሶ እበላለሁ ትላላችሁ። መድን ቅሬ ነው። ሸዋ እድር የሚለው የኛው ቅሬ። ዓመቱን ሙሉ ከፍለህ ቤትህ ሰው ካልሞተ ገንዘቤን መልሱ አትልም፤ ፈጣሪህን ታመሰግናለህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ የሃምሳው ሹፌር አረቦን ተጠራቅሞ አንዱን የተሰበረበትን ያነሣል። ታዲያ ቅሬ ደንብ አለው። ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል። ቀብረህ፣ ሠልስት አውጥተህ፣ በሳምንቱ «ሞቶብኝ ነበር፣ ድንኳኑን አምጡ» ብትል ማን ይሰማሃል?

የመድኑ ቅሬ የሚጠብቅህ 5 ቀን ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ጉዳቱን ያወቀ ሰው ወዲያው፣ ቢዘገይ ከ5 ቀን ሳያሳልፍ ለመድን ሰጪው ያስታውቅ ይላል። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድኑ ክፍል ሳይነካ ስለቀረ ደንቡ ዛሬም ያው ነው። ድንጋዩ የመታህ ትናንት ቅዳሜ ነው፤ እስከ ሐሙስ አለህ ማለት ነው። አንተ ግን ሐሙስን አትጠብቅ። ነገ ጠዋት ቢሯቸው ሲከፈት ደውል፤ ፎቶውን በቴሌግራም ላክ። በዚያም አትቁም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ ማስታወቂያህን በሁለት ቅጂ ጽፈህ ስጥና አንዱ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርገህ ኪስህ ክተት። የደወልክለት ሰው ነገ ሌላ ቅርንጫፍ ቢዛወር ቃልህን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያለህ የትኛው ኢንሹራንስ ነው? ስንቱ ሹፌር መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን የሦስተኛ ወገን ምልክት እያየ «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲል ሰምቻለሁ። እሷን በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ፣ በኋላም በ2005 እሱን የተካው አዋጅ 799 ግዴታ ያደረጓት ናት፤ የምትሸፍነውም መኪናህ በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ነው። የገጨኸውን ሰው፣ ያፈረስክበትን አጥር። የራስህ መስታወት ለእሷ ባዕድ ነው። መስታወትህን የሚያስብልህ ሙሉ ሽፋን የሚሉት ነው። አንተ በባንክ ብድር ስለገዛሃት ባንኩ አስገድዶ አስገብቶሃል፤ የባንክ ክፋት አንዳንዴ ይጠቅማል። ድንጋዩን ያስፈነጠረብህን ገልባጭ ታርጋ ይዘህ ቢሆን የእሱን ሦስተኛ ወገን መጠየቅ ይሞከር ነበር። አልያዝክም። ማንም አይዝም፤ ድንጋይ ሲመጣ ዐይን የሚሄደው ወደ ድንጋዩ ነው።

በል ፖሊሲውን አውጣ። መነጽሬን አቀብለኝ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚፈራው።

የመኪናዋ ዋጋ 1,800,000 ብር ይላል። በ2015 ስትገዛት የገባው ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስታድስ፣ አረቦኑ እንዳይጨምርብህ ብለህ «ባለበት ይሁን» እያልክ ፈርመሃል። በመሀሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ መኪናም መስታወትም የሚመጡት በዶላር ነው። ያችው መኪናህ ዛሬ ገበያ ላይ 3,600,000 ብታወጣ መድን ሰጪው ምን ይልሃል? «እኔ ዘንድ ያስመዘገብከው ግማሿን ነው፤ ግማሿን ራስህ ነህ የተሸከምከው» ይልሃል። መስታወቱ 40,000 ቢሆን የእሱ ድርሻ 20,000 ይሆናል። ከዚያ ላይ ተቀናሹ ይነሣል፤ ኤክሰስ የሚሉት፣ ከማንኛውም ጉዳት መጀመሪያ አንተ የምትችለው። እሱ 8,000 ቢሆን እጅህ የሚገባው 12,000 ነው። ከ40,000 ውስጥ! ብሩ ለምሳሌ የጠራሁት ነው፤ አካሄዱ ግን የእነሱ ነው፤ እዚህ ሦስተኛው ገጽ ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል፣ ይኸውልህ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እንዲያ ከሆነ አስበልጬ ላስመዝግብ አትበል። ሕጉ ካሳ ንብረቱ ጉዳት በደረሰበት ዕለት ካለው ዋጋ አይበልጥም ይላል፤ ትርፍ አረቦን ከፍለህ ትቀራለህ። በየዓመቱ ስታድስ ሁለት ደላላ ጠይቅና የዕለቱን ዋጋ አስገባ። ካልተስማማህም ሌላ ቤት አለ። እኔ ኤንትሬ ስነዳ ይህ ምርጫ አልነበረም፤ ደርግ 13 የግል መድን ኩባንያዎችን ወርሶ በ1968 አንድ የመድን ድርጅት አድርጎ ስለነበር እሱ ያለው ነው የሚሆነው። የግሎቹ የተመለሱት ከ1986ቱ አዋጅ በኋላ ነው። ዛሬ ደሴ ላይ ከአንዱ ወጥተህ ወደ ሌላው በእግርህ ትሻገራለህ፤ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ተቀናሹንና የመስታወቱን አንቀጽ አወዳድር። አረቦን አረከሰልኝ ብሎ የሚፈርም ሰው፣ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለለት ነው።

ሌላ አንቀጽ ደግሞ አለ፣ የማይሸፈነውን የሚዘረዝረው። ጦርነት፣ ሁከት፣ ሕዝባዊ አመፅ ያመጣው ስብራት በተለመደው ፖሊሲ አይካተትም። ለእሱ ራሱን የቻለ፣ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚሉት ሽፋን ለብቻው ይሸጣል። በዚህ ዘመን በዚህ መንገድ ለሚነዳ ሰው ይህ የቅንጦት ንባብ አይደለም፤ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ደሴ ላይ የሆነውን ታውቃለህ። ስለዚህ ስትጽፍ ቃልህን ምረጥ፤ ዋሽ ማለቴ ግን አይደለም፤ የሆነውን በራሱ ስም ጥራው። ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉ ስቶ ቢመታህ «ድንጋይ ተወረወረብኝ» ብለህ ስትጽፍ አንድ ዶሴ ይከፈታል፣ «የእህል ጠባቂ ወንጭፍ ስቶ መታኝ» ስትል ሌላ ዶሴ። ሁለተኛው እውነቱ ነው፤ ለአንተም የሚበጀው እሱ ነው።

ያንተን እንዲህ አድርገህ ጻፈው፦ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ስመጣ፣ ከፊቴ ይሄድ ከነበረ የጭነት መኪና ጎማ ሥር የተፈናጠረ ድንጋይ የፊት መስታወቱን መታው። አለቀ። ስለ ዘይት መወደድና ስለ መንገዱ ብልሽት እዚያ ላይ አትተርክ። ፍጥነትህን ሳትጠየቅ አታውራ፣ ስትጠየቅ አትዋሽ። የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል ወይ ብለህ ነገ ስትደውል ጠይቅ፤ ካስፈለገ በኋላ ከምትለምን አሁን ማውጣት ይቀላል። ደግሞ እወቅ፣ ሕጉ ባለ መድኑን በቸልተኝነቱ ካሳ አይነፍገውም፤ የሚነፍገው ሆን ብሎ ላደረገው ነው። እኔ የፈላውን ውሃ በጊዜው ተናግሬ ቢሆን «ሞኝነት ነው» ይሉኝ ነበር እንጂ «ውሸት ነው» አይሉኝም ነበር። ለሞኝነት ካሳ አለው።

ፎቶውን አሁን ብርሃን ሳለ እናንሣው። አንዱ ከሩቅ፣ ታርጋዋና መስታወቱ አብረው እንዲታዩ፤ አንዱ ከቅርብ፣ ከሽርፈቷ አጠገብ ሳንቲም ይዘህ መጠኗ እንዲታወቅ። ነገም አንድ አንሣ፤ መስመሯ ከጨመረች ቀኑ ይመሰክርልሃል። እነሱ ሳያዩ ወይም በጽሑፍ ሳይፈቅዱ መስታወቱን እንዳትነካው። ከወጣም በኋላ አሮጌውን ጨርሰናል እስኪሉህ ድረስ አትጣለው።

አሁን ግን የሚከብደውን ልጠይቅህ። መጠየቅስ ይገባሃል ወይ? ያሰላሁልህን አይተሃል። ፖሊሲህ ላይ ካሳ ሳይጠይቅ ዓመት ለጨረሰ ሰው የአረቦን ቅናሽ አለ፤ ከጠየቅህ ይቀርብሃል። አንዳንዱ ቤት ለመስታወት ለብቻው ትንሽ ጨምሮ የሚገዛ ሽፋን ስላለው በእሱ ከሆነ ቅናሹ አይነካም፤ ያንተ ውስጥ ግን አላየሁም። ስለዚህ ነገ ሦስት ቁጥር ጠይቅ፦ መስታወቱ ከነማስገጠሚያው ስንት ነው፣ የእነሱ ድርሻ ተቀናሹ ሲነሣ ስንት ይሆናል፣ ቅናሹስ ብር ሲሆን ስንት ነው። የሚሰጡህ ከሚቀርብህ ካልበለጠ ከኪስህ አሠራው፤ ቅሬ ለጉንፋን አይጠራም። ማስታወቁን ግን በምንም አትተው። ማስታወቅ ገንዘብ መጠየቅ አይደለም፤ መስመሯ ነገ ወደ ሌላ ጣጣ ብትዞር ቀንህ ተመዝግቦ ይቆይልሃል።

ጥገናው ላይ ብዙ አላስተምርህም፣ አንተም ጋራዥ ያደግህ ልጅ ነህ። ግን ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። መስታወቱ ደሴ ከሌለ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው የሚመጣው። የሚጭነው ሰው አስተኝቶ እንዳይጭነው፤ መስታወት ቆሞ፣ በጠርዙ፣ በገለባና በብርድ ልብስ ታቅፎ ነው የሚጓዘው። ሲደርስ ጥጉ ላይ ያለችውን ማኅተም አይተህ ላሚኔትድ መሆኑን አረጋግጥ። ነጠላ መስታወት ለፊት ሊገጥምልህ የሚዳዳ አይጠፋም፤ እሱ ሲሰበር የሚዘረገፈው ጭንህ ላይ ነው። አሮጌው ሲነሣ ክፈፉ ላይ ዝገት ካለ ተፍቆ ቀለም ይቀባ፤ ሙጫ ዝገት ላይ አይዝም። የኔ አይሱዙ በላስቲክ ነበር የሚታሰረው፤ የናንተዎቹ ግን በሙጫ የተጣበቁ ናቸው፤ መስታወቱ ጣራውንም አብሮ ይሸከማል፣ በተሳፋሪው በኩል ኤርባግ ካለም ሲፈነዳ የሚደገፈው እሱን ነው። ስለዚህ ባለሙያው ይህን ያህል ሰዓት አትንካት ካለህ አትንካት። ቀን አይለፈኝ ብለህ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሰው ጭነህ ጉጉፍቱን እንዳትወጣ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በር ስትዘጋም አንድ መስኮት ዝቅ አድርገህ ይሁን፤ ታፍኖ የሚወጣው አየር ያልደረቀውን ሙጫ ይገፋዋል።

የአክስትህ ልጅ አዲስ አበባ የገዛቻት የኤሌክትሪክ መኪና መስታወቷ ላይ ካሜራ አላት። የእሷ ቢሰበር ካሜራው እንደገና ካልተስተካከለ መኪናዋ መንገዱን አሳስታ ታያለች። እንኳን ያንተ እንዲያ አልሆነች።

አንድ የሚረሳ ነገር ልንገርህ፤ እኔም ረስቼው ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ትራፊክ አስቁሞኛል። ቦሎውም የሦስተኛ ወገኑ ምልክትም የተለጠፉት እዚያው የሚነሣው መስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ሲወጣ አብረው ሄዱ፤ እኔ አዲስ መስታወት ገጥሜ፣ ባዶ ፊት ይዤ ስነዳ ዋልኩ። መስታወቱ ከመነሣቱ በፊት ሁለቱንም ፎቶ አንሣቸው፤ በጥንቃቄ መላጥ ከቻሉ ይላጡ፣ ካልቻሉ ምትክ እንዲሰጡህ ሊብሬህንና የጋራዡን ደረሰኝ ይዘህ ቶሎ ሂድ።

እንቢ ካሉህስ? አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የምትልበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያኔ አትሳደብ፣ ጥለህም አትውጣ። «ለምን እንደማትከፍሉኝ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ስጡኝ» በል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይጻፋል፤ ከእነሱ በላይ ተቆጣጣሪያቸው ብሔራዊ ባንክ አለ፤ ከዚያም ፍርድ ቤት። የመክሰስ መብትህ ግን በ2 ዓመት ይታገዳል፤ «እናየዋለን፣ ተመለስ» እያሉ የሚያመላልሱህን ቀን እየቆጠርክ ተመላለስ።

በል፣ ሦስተኛውን ጠጣ። ስትወጣ ከሳጥኑ ላይ ያለውን ባናዬን ውሰድና መስታወቷን አልብሳት፤ ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት ባናውን ገልጠህ ፀሐይ ራሷ ታሙቃት፤ የፈላ ውሃ እንዳይነካት፣ የሙቀት ማራገቢያውንም ወደ መስታወቱ አትክፈት። ደሴ ድረስ አምጣት ካሉህ ሰው ሳትጭን፣ ከጭነት መኪና ኋላ ርቀህ ሂድ። እናትህን ሰላም በልልኝ። ባናውን ደግሞ መልስ፤ ያለፈው ዓመት የወሰድከው ጆንያ እስካሁን አልመጣም።